አባቴን የወከልኩበት ወረቀት

ሐኪሙ «ከእንግዲህ ረጅም መንገድ የለም» ሲለኝ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ደም ግፊቴ ከፍ ብሏል፤ እግሮቼ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን እግሬ ሳይሆን በሚቀጥለው ሳምንት ሰመራ ሄጄ የምፈርመው ውል ነበር።

ሠዓሊ ነኝ፤ ተቀጥሬ አላውቅም። አዋሽ ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር ተወልጄ ባደግኩበት ቤት፣ አንዷን ክፍል ይዤ እሠራለሁ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሥራዬ የካፌ ግድግዳ፣ የሆቴል ማስታወቂያና የሠርግ ጥሪ ወረቀት ነበር። ሰመራ ያለ አንድ አሳታሚ በአማርኛና በአፋርኛ ለሚያወጣው የልጆች መጽሐፍ ሥዕሎቹን እንድሠራ ሲመርጠኝ፣ ስሜ ሽፋን ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ሊሆን ነው። ሕመሜን ስነግራቸው «መምጣት ካልቻልሽ ሕጋዊ ተወካይ ላኪ» አሉኝ።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዛሬ አፋር በረሃ ዲቾቶ ነው ሲሉት ነገ ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ይጠብቃል፤ በቀጠሮ የሚገኝ ሰው አይደለም። የቀረኝ አባቴ ነበር።

አባቴ በአሮጌው ባቡር ዘመን የጣቢያው ጭነት መዝጋቢ ነበር። ወረቀት የሌለውን ጆንያ የገዛ ወንድሙ ይዞት ቢመጣ እንኳ አያሳልፍም ይባልለታል። ስለ ሥዕሌ ግን ክፉም ደግም ተናግሮ አያውቅም። በበሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያይና ይሄዳል።

«አባዬ፣ ውክልና ልሰጥህ ነው» አልኩት።

«የምን ውክልና?»

«የሥራዬ። ሰመራ ሄደህ በእኔ ስም ትፈርምልኛለህ።»

«እኔ ስለ ሥዕል ምን አውቄ?»

«ስለ ወረቀት ታውቃለህ።»

በማግስቱ ጠዋት በባጃጅ ውክልና ወደሚጸድቅበት ቢሮ ሄድን። ከበሩ ውጭ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ኮምፒዩተሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ስማችንን ጠየቀና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አትሞ ሰጠን። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስሜ እንዲበደር፣ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ ይላል።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ጠቅላላ ውክልና ነው አባቴ» አለ ጸሐፊው። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያሠራው። አንዴ ከተሠራ ለሁሉም ጉዳይ ይሆናል።»

«ንብረቷን ልሸጥ ነው እንዴ የምሄደው? አውጣው!»

«አባዬ፣ እኔ እኮ አምንሃለሁ» አልኩት።

«እምነቱ ለእኔ ይሁን፤ ወረቀቱ ግን ልኩን ይወቅ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። እንዲያ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ሥዕሉ ከታተመ በኋላ የማን ነው? ሌላ ቦታ ሊጠቀሙበት ቢፈልጉስ? በዚህ መጽሐፍ ላይ ብቻ እንደሚያትሙት፣ ለሌላ ነገር ከፈለጉት እንደገና እኔን መጠየቅ እንዳለባቸው አስረዳሁት። «እንግዲያው እሱም ይጻፍ» አለ። ልዩ ውክልና ሆኖ እንደ አዲስ ተጻፈ፦ የዚህን አንድ መጽሐፍ ውል እንዲፈርም፣ ሥዕሎቹን እንዲያስረክብ፤ የሥዕሎቹን ባለቤትነት ግን ለማንም ማስተላለፍ እንዳይችል።

ውስጥ ያለችው ሠራተኛ እግሬን አይታ የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝ። ሰነዱን ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችና በፈቃዴ መሆኑን ጠየቀችኝ። ፈረምኩ፤ ማኅተም አረፈበት።

አባቴ በዚያ ሙቀት ኮቱን ለብሶ፣ ሥዕሎቼን በካርቶን ጠቅልሎ ይዞ፣ በጠዋቱ መኪና ሄደ። እዚያ የሆነውን ተመልሶ ነው የነገረኝ።

የአሳታሚው ሥራ አስኪያጅ ጨዋ የአፋር ሰው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አቅርቦለት ውሉን ሰጠው። አባቴ እያንዳንዱን መስመር እያነበበ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሥዕሎቹ ለዘለቄታው የድርጅቱ ንብረት ይሆናሉ ይላል።

«ይህን መፈረም አልችልም።»

«የተለመደ አንቀጽ ነው አባቴ፤ ሁሉም ይፈርማል።»

አባቴ ውክልናውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ሥልጣን የለኝም፤ እዚህ ጋ ያንብቡት። ሥዕሎቿን ላስረክብ እችላለሁ፤ ልሰጥ ግን አልችልም።»

«እንግዲያው ይደውሉላትና ትፍቀድ።»

«ሐኪም አትረበሽ ብሏታል። ደግሞም በስልክ የተፈቀደ ነገር ማኅተም የለውም።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሕግ ባለሙያው ሄደ። አባቴ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሰዎቹ የከሰዓት በኋላውን የአስር ሰላት ሰግደው ሲመለሱ አዲስ ወረቀት ይዘው መጡ፤ አንቀጹ «ለዚህ መጽሐፍ ብቻ» ተብሎ ተስተካክሏል። አባቴ እንደገና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበበና ፈረመ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። «እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ውሉ ተፈርሟል። ግን ልጠይቅሽ፣ አባትሽ ጠበቃ ናቸው እንዴ?»

«አይ፤ የባቡር ጣቢያ ጭነት መዝጋቢ ነበር።»

ሳቀ። «ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ሰው ይዘሽ ማንም አያታልልሽም።»

አባቴ በማግስቱ ተመልሶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በመጀመሪያ የነገረኝ ስለ ውሉ አልነበረም። ያደረበት የወሎዬዎች አልቤርጎ የእንግዳ መዝገብ ላይ ሥራ የሚል ቦታ አለ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በሄደበት ሁሉ «ጡረተኛ» ብሎ ነበር የሚሞላው።

«ትናንት ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «የሠዓሊ ተወካይ።»

ተነስቼ አቀፍኩት፤ ሆዴ በመሃላችን ገብቶ ሁለታችንንም አሳቀን።

ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልኩ። መጽሐፉም ስሜ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ወጣ። አባቴ ውክልናውን አጥፎ መለሰልኝ፤ «ሥራው አልቋል፤ የዚህም ሥልጣን አብሮት አልቋል» ብሎ።

አሳታሚው ለሁለተኛ መጽሐፍ ሲጠራኝ ጤነኛ ነበርኩ፤ መሄድ እችል ነበር። አባቴም «አሁን ራስሽ ሂጂ» አለኝ። እምቢ አልኩት። ልጄን ታቅፌ አዲስ ውክልና አሠራሁለት። እስካሁን ሦስት ውል ፈርሞልኛል። ሰዎች ሥራሽን ማን ያስጨርስልሻል ሲሉኝ፣ ቀና ብዬ «ወኪሌ አባቴ ነው» እላቸዋለሁ።