ከአባ ኮዳው ጀርባ

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ካለው ፎቶ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ካሜራ አልነካሁም። ባለቤቱ ጋሽ ተሰማ መቀስ ሰጡኝና ለቀበሌ መታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ስቆርጥ ዋልኩ። «ጆሮ ከቆረጥሽ አንቺም ከሥራ ትቆረጫለሽ» አሉኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም። ቢሆንም ከአንድ ጥቅል መጨረሻ ሁለት ሦስት ምስል አይጠፋም። ማንሳት እንድለምድ ጋሽ ተሰማ ትርፉን ፈቀዱልኝ። እኔም ማለዳ ሐይቁ ዳር እየወረድኩ አባ ኮዳ አነሳ ጀመር።

«ከዚህ ሁሉ ወፍ ራሰ በራውን መረጥሽ?»

«አትንቀሳቀስ ሳይባል የሚቆም እሱ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

ጨለማ ክፍል ገብቼ በማጉያው ሳየው ግን ሌላ ነበር። ላባው እንዴት እንደተነባበረ፣ ያ ቀጭን እግር ያን ሁሉ ገላ እንዴት እንደሚሸከም ባየሁ ቁጥር «ይህን ማን አሰበው?» እላለሁ። በውይይት ክበብ እግዚአብሔር የለም ተብለናል። እኔም የእናቴ ጸሎት ቤት ከታሸገ ወዲህ ጸልዬ አላውቅም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ፎቶ ሊነሱ መጥተው፣ ለማድረቅ ከሰቀልኳቸው አንዱን አዩ። «ይኼ ለአዳራሻችን ይሁን። በትልቁ አትሙልን» አሉ።

በትልቁ ሳወጣው ክው አልኩ። በትንሹ ከወፉ ጀርባ ነጠብጣብ የመሰለኝ ሰው ነው። ሳነሳ ዓይኔ ወፉ ላይ ስለነበር አላየኋቸውም። አምስት ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ቆመው አንዲት ሴት ሊያጠምቁ ነው። አጥማቂውን አወቅኳቸው፤ በዚያው ሳምንት ጉርድ ፎቷቸውን የቆረጥኩላቸው አናጺው አቶ ላሚሶ ናቸው። ያ ጉርድ ቀበሌ መዝገብ ላይ ተለጥፏል። ይህን ያየ ሁሉንም ያሳስራቸዋል።

ጋሽ ተሰማ አዩት። «ወፉን ብቻ አውጪ» አሉኝ። ምስሉ እንዲሰፋ ማጉያውን ከፍ አድርጌ ሰዎቹን ከወረቀቱ ውጭ አስቀረኋቸው።

ሊቀመንበሩ ሊወስዱ መጡና «ሐይቁ የት ገባ?» አሉ።

«ወፉ እንዲገዝፍ ብለን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ጥሩ። ኔጌቲቩንም ነገ እወስዳለሁ፤ የበላይ አካል ይፈልገው ይሆናል።»

እንደዚያ ጠርቶ የወጣ ፎቶ አንስቼ አላውቅም ነበር። በዚያው በጉርድ መቁረጫው መቀስ ኔጌቲቩንና ሰዎቹ የሚታዩበትን ፎቶ ሁሉ ከታትፌ ጣልኩ፤ አልቅሻለሁም። በማግስቱ ሊቀመንበሩን «ማጉያው አቃጠለው» አልኳቸው። ዝርክርክ ብለውኝ ሄዱ።

እሑድ ካሜራ ሳልይዝ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሰዎቹ እዚያው ነበሩ። አቶ ላሚሶ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?»

«አባ ኮዳን ማን እንደሠራው ልጠይቅ።»

ሳቁ። መጽሐፍ ይዞ መታየት ስለሚያስፈራ የፍጥረትን ታሪክ በቃላቸው አወሩልኝ። አእዋፍ የተፈጠሩበት ቀን ላይ ሲደርሱ አስቁሜ በጥያቄ አደረቅኳቸው። ግማሹን «እሱን እኔም አላውቅም» አሉኝ፤ ያመንኳቸውም በዚህ ነው። ክርስቶስን ያወቅኩት በዚያ ዳርቻ ነው። በዓመቱ በዚያው ውሃ ተጠመቅኩ።

ለጀማሪ ፎቶ አንሺ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከማተምህ በፊት አራቱንም ማዕዘን እይ።