ያጠረው የካውያ ሽቦ

አቶ ጌጡ፣ የአሥረኛ ክፍል የፊዚክስ አስተማሪዬ፣ በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን የፍርድ ሸንጎ ፊት ቆሞ፣ እውነቱን እያወቀ በእናቴ ላይ ዋሸ። እሳቸው አልለውም። የትምህርት ቤቱንም ስም አልጽፍም። አብረውኝ የተማሩ ሰዎች የድሮውን ሲያወጉ ስሙን በፍቅር ያነሳሉ፤ እንደ እሱ የሚያስረዳ አልነበረም ይላሉ። ልክ ናቸው፣ አልነበረም።

እናቴ ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ በሚገኝ የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ሄጄ ከጠረጴዛዋ ሥር የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። እርጥብ ጨርቅ ተደርቦበት የሚተኮሰው ሱፍ ሽታ፣ የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት፣ ፀጉሬ ላይ የሚያርፈው የጠመኔ ብናኝ ዛሬም አብረውኝ አሉ። ካውያው ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው፣ የድሮ ከባድ ካውያ ነበር። እናቴ አንዱን እጅጌ እስክትጨርስ ሰክታ ትተወዋለች፤ ከዚያ ነቅላ ሁለተኛውን በቀረው ሙቀት ትጨርሳለች። እጇ የሚያውቀው ይህንን ነበር፤ አንድም ልብስ አበላሽታ አታውቅም።

አንድ ቀን የካውያው የውስጥ ሽቦ ተበጠሰ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታፈሰ፣ የቀበሌ ቤት በሚያድለው ኮሚቴም ውስጥ የነበረ ሰው ነው፣ አዲስ ሽቦ ይገዛ ሲባል ቁጠባ ነው አለና የተቃጠለውን፣ የሽቦውን ሩብ ያህል፣ አስቆርጦ የቀረውን አስቀጠለው። “እንዲያውም አጠረ፤ ከእንግዲህ መብራት አይበላም” አለ። ሁሉም አመኑት፣ እናቴም ጭምር።

በማግሥቱ የአንድ ባለሥልጣን ካፖርት ስትተኩስ፣ የመጀመሪያውን እጅጌ ሳትጨርስ ጨርቁ በካውያው ቅርጽ አረረ።

“አስካለ፣ እንቅልፍሽን እዚህ ነው እንዴ የምትጨርሺው?” አላት ጋሽ ታፈሰ። በግዴለሽነት ንብረት አቃጥላለችና ከአባልነት ትሰረዝልኝ ብሎ ሸንጎ ከሰሳት። እናቴ ከዚያ ማኅበር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም፤ እኔም ከእሷ ሌላ ማንም አልነበረኝም።

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ካውያውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ትምህርት ቤት ወሰድኩት። አቶ ጌጡ ቤተ ሙከራውን ከፍቶ አሜትሩን ራሱ ቀጠለልኝ።

“ላዩ ላይ ስንት ዋት ይላል?”

“1000፣ ቲቸር። በ220 ቮልት።”

“አሁን ከረንቱን አንብቢ።”

“6 አምፔር።”

“በይ፣ ጠመኔው ያውልሽ።”

220ን ለ6 አካፈልኩ። ሬዚስታንሱ 37 ኦም እንኳ አልሞላም፤ ድሮ ከ48 በላይ ነበር። 220ን በ6 አባዛሁ፤ 1320 ዋት። ሽቦው ሲያጥር ሬዚስታንሱ ቀንሷል፣ ከረንቱ ጨምሯል፣ ካውያውም በሲሶ ያህል ብሷል። የእናቴ እጅ አልተሳሳተም። አቶ ጌጡ ሰሌዳውን አይቶ “ከዚህ የተሻለ ጠበቃ የላትም” አለኝ። ሸንጎ መጥቶ እንዲያስረዳልኝ የለመንኩት እኔ ነኝ፤ እሺ ያለኝ እሱ።

እሁድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ቁጥሮቼን ከደብተሬ አነበብኩ። ከኋላ አንዱ “ካፖርቱን በጠመኔ ልትጠግነው ነው” አለና አዳራሹ ሳቀ። የሸንጎው ሰብሳቢ አስተማሪው ይናገር አሉ። አቶ ጌጡ ተነሣ። እኔን አላየኝም፤ ጋሽ ታፈሰን አየ።

“ሽቦ ካጠረ ኃይሉ ይቀንሳል” አለ። “ካውያው እንዲያውም ከበፊቱ ቀዝቀዝ ማለት ነበረበት። ልጅቷ እናቷን ወዳ ነው።”

“ይኼማ እኔም ያልተማርኩት የማውቀው ነው” አሉ ሰብሳቢው። “ግማሽ እንጨት የሙሉውን ያህል አይሞቅም።”

እናቴ ተሰረዘች። ወር ሳይሞላ አቶ ጌጡ እሪ በከንቱ ሰፈር ከነበረችው አንድ ክፍል ቤቱ ወጥቶ አምስት ኪሎ አጠገብ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ገባ። ፈርቶ ነው የሚሉኝ አሉ። ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? ፈርቶ ቢሆን አሞኛል ብሎ ይቀር ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ቤት ስንገባ እናቴ ያለችኝ ነው። “ተይው ልጄ፣ እሱ የተማረ ሰው ነው። እኔው ነኝ ያቃጠልኩት።” ቁጥሮቹን ደጋግሜ አሳየኋት፤ ሆኖም ከእኔ ይልቅ እሱን አመነች። ከዚያ በኋላ የሰው ልብስ ስታጥብ ኖረች፤ ካውያ ግን ዳግመኛ አልያዘችም። እኔው ነኝ ያቃጠልኩት እንዳለች ሞተች።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ አቶ ጌጡ ጠየቀ፦ ቮልቴጁ ሳይለወጥ የማሞቂያ ሽቦ ቢያጥር ፓወሩ ምን ይሆናል? “ይቀንሳል” ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ከጎኑ በራሱ እጅ “ይጨምራል” ብሎ አርሞኛል። ወደ ሰብሳቢው ይዤ ሮጥኩ። “የኔ ልጅ፣ እዚህ የሚታየው ክስ ነው፤ ፈተና አይደለም” ብለው መለሱልኝ።

ዛሬ እኩዮቼ ስለ ፈረሰችው ፒያሳ ሲያለቅሱ እሰማለሁ። ያ ማኅበር የነበረበት ቤት ሲፈርስ ሄጄ ቆሜ አየሁ፤ አላለቀስኩም። አሁን ሱቅ ውስጥ ያለ ማንኛውም ካውያ ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ የተኳሿን እጅ የሚጠረጥር የለም። የእኔ እናት ግን ለዚያ አልደረሰችም።

ያኔ ለእናቴ የተሰጣት የሸንጎው ውሳኔ ግልባጭ ቤት ነበር፤ የአቶ ጌጡ ቃል ከነስሙ ሰፍሮበታል። ሰብሳቢው በመለሱኝ ማግሥት፣ ተማሪው ሳይገባ፣ ግልባጩንና የፈተና ወረቀቴን በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸው። በሁለቱም ላይ ቃሉን በቀይ አሰመርኩበት። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥኩ።