በአንድ ምሰሶ የቆመ ጥርስ

የረበሸኝ የመሞረጃው ጩኸት አይደለም፤ ሽታው ነው። እንደ ተቃጠለ ቀንድ ያለ ሽታ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅዳ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ መብራቱ ዓይኔ ላይ ተተክሎ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የእህቴ ጥርስ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። በኒ ማሊክ በሚባለው የጅዳ ሰፈር የሴቶች ዓባያ እያዞርኩ እሸጥ ነበር፤ ተከራክሬ የማላሸንፈው ሰው የለም የምልበት ዕድሜ። እህቴ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ተናዳ የወረወረችው የሽቶ ጠርሙስ ከፊት ጥርሶቿ አንዱን ነቅሎታል። ወሎ ላለችው እናታችን ግን «ማዳሜ እንደ ልጇ ነው የምታየኝ» ብላታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ስልክ ስትታይ አፏን በሻሿ ሸፍና ነበር የምታወራው። እናታችንም «ልጄ ዲኗን አጠበቀች» እያለች ጎረቤት ላይ ትኮራ ነበር።

ከዚያ እናታችን ለዑምራ ልትመጣ ሆነ። እህቴን ምግብ አልበላ አላት።

«ወላሂ ይህን ካየች ሐዘን ይዛ ነው የምትመለሰው» አለችኝ።

ሩዋይስ ሰፈር ወዳለ የጥርስ ሐኪም ወሰድኳት። እሱም በጣቱ እያሳየ አስረዳን፦ ግራና ቀኝ ያሉት ጤነኛ ጥርሶች ተሞርደው ይቀጥናሉ፤ ቆብ ይለብሳሉ፤ አዲሱ ጥርስ በሁለቱ መካከል እንደ ድልድይ ይያዛል።

ነጋዴ ነኝና ዝም አልል! «ለአንድ የሞተ ሁለት ደህና? ይህ ምን ዓይነት ንግድ ነው? አንዱን ብቻ ሞርድ።»

«ጠንካራ ነገር የነከሰች ቀን ምሰሶ የሆናት ጥርስም አብሮ ይሄዳል» አለ ሐኪሙ።

«አትነክስም።»

ሐኪሙ እህቴን አያት። እሷ እኔን አየችና «እሱ ያውቃል» አለች።

«ኻላስ፣ እንዳላችሁ» አለ ሐኪሙ።

ስንወጣ «አንድ ጥርስ አተረፍኩልሽ» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት።

መካ ላይ እናታችን ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። እህቴ ሻሿን ሳትስብ ሳቀች። ዑምራችንን ጨርሰን ከሐረም መስጊድ ውጭ ጥላ ሥር ተቀመጥን፤ ድንጋዩ ከሥራችን ይሞቃል፣ የርግቦቹ ክንፍ ይሰማል። እናታችን ከመቀነቷ ያገሯን የሽንብራ ቆሎ ፈታችና ልጇን አጎረሰቻት። የእናት ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?

ቀጭ አለ። እህቴ መዳፏ ላይ ተፋችው፤ ድልድዩ ከነምሰሶው።

እናታችን አየችው። ቆሎውን መልሳ ቋጠረች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው፣ እማ።»

«እሺ ልጄ። ደረጃውም እንደ ልጁ ነበር የሚያይሽ?»

እስክትመለስ ድረስ ዳቦ በሻይ እያራሰች አጎረሰቻት። አገሯ ገብታ ዓመት ሳይሞላት ሞተች።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለጎደለው ጥርሴ «ግራና ቀኙን ሁለቱንም ልሞርድ?» ሲለኝ «ሞርድ» አልኩት፤ ሳልከራከር። ወጥቼ፣ ግማሽ ከንፈሬ እንደደነዘዘ፣ ለእህቴ ደወልኩ።

«ነይ፣ ያንቺንም ደህና አድርገን እናሠራው።»

«ይቅርብኝ ወንድሜ» አለች። «የምደብቃት እኮ የለችም።»

ስልኩ ላይ ፊቷ ይታየኛል። አፏን አልሸፈነችም።