በሐሳብ ደን ውስጥ የፈለገኝ ሰው

ለመጋባት ስንወስን ቤተ ክርስቲያናችን እንደ ሌሎቹ እጮኛሞች የቅድመ ጋብቻ ምክር እንድንከታተል ነገረችን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አማካሪያችን ቤት እንሄዳለን። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁለታችንንም "ልጆቼ" እያሉ ነው የሚጠሩን። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። እጮኛዬ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ከሚያለሙ ገበሬዎች ጋር የሚውል የግብርና ባለሙያ ነበር። ከእኔ በፊት ያጫት ልጅ ታማ መሞቷን ነግሮኛል፤ አንዴ ብቻ፣ በአጭሩ። እኔም አልገፋሁበትም። ያለፈ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሰርጋችን ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ አማካሪያችን ትምህርቱን ቶሎ ጨረሱና፣ "ዛሬ ደግሞ ትንሽ እንጫወት" አሉን። ከሥልጠና ያመጡት የባሕርይ መፈተኛ ነው። ዓይን ይጨፈናል፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፤ እኛ የታየንን እንናገራለን። ትርጉሙን የሚነግሩን መጨረሻ ላይ ነው።

ከእኔ ጀመሩ።

"ደን ውስጥ እየሄድሽ ነው። አብሮሽ ማን አለ?"

"እሱ ነዋ!" አልኩ። ሳቁብኝ።

"መንገድ ላይ ኩባያ ወድቆ ብታገኚስ?"

"አጥቤ ቤቴ እወስደዋለሁ።"

"ቤት ይታይሻል። ምን ዓይነት ነው?"

"በሩ ክፍት ነው። ሰው ሞልቶበታል፣ ይንጫጫሉ።"

የእሱ ተራ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ።

"አብሮህ ማን አለ?"

"አንዲት ሴት አለች። ቀድማኝ ትሄዳለች፤ ፊቷ አይታየኝም።"

"ሙሽራዋ ቸኩላለች በለኛ!" አሉና እኔን ጠቀሱኝ። እሱ አልሳቀም።

"ኩባያስ?"

"ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ጆሮው ተሰብሯል። ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።"

"ቤትስ ታየህ?"

እዚህ ላይ አማርኛውን ትቶ በጋሞኛ ቀጠለ። ጠባብ ክፍል ነው አለ፤ አልጋ አለ፤ አጎበር ተዘርግቷል፤ ውስጡ የተኛ ሰው ይተነፍሳል። "ድምፅ እንዳላሰማ በሩ ላይ ቆሜያለሁ" አለ። ከተጨፈነው ዓይኑ እንባ ሲወርድ አየሁ።

አማካሪያችን ወረቀታቸውን አጣጠፉ። "በቃ፣ ሻይ እናፍላ።"

"ትርጉሙን ይንገሩን እንጂ" አልኳቸው።

"ጨዋታ ነው ልጄ፣ ተዪው።"

አልተውኩም። እየከበዳቸው ነገሩኝ። ደኑ ኑሯችን ነው፤ አብሮን የሚሄደው ልባችን የያዘው ሰው ነው፤ ኩባያው ፍቅር ነው፤ ቤቱ ደግሞ ውስጣችን። ማንም ሻዩን አልነካም።

ስንወጣ ባጃጅ አልያዝንም። ወደ ሸቻ ሰፈር የሚወስደውን ዳገት በእግራችን ጀመርነው። መሐል ላይ ስለ ኩባያው ጠየቅኩት። ያቺን የሞተችበትን ልጅ ሆስፒታል ውኃ ያጠጣት የነበረው በዚያ ነው። ስትሞት ቤተሰቦቿ ዕቃዋን ሰብስበው ሲሄዱ ኩባያውም አብሮ ሄደ። "ስጡኝ ማለት አፈርኩ" አለኝ።

"ታዲያ እኔ የት ነበርኩ?" አልኩት። "በዚያ ሁሉ መንገድ?"

"ፈለግኩሽ" አለኝ። "በእግዚአብሔር፣ ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኩሽ።"

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ቆም ብሎ እጄን ያዘኝ። "አገባሻለሁ። አልበድልሽም፤ ጥሩ ባል እሆንሻለሁ።" እንደሚሆን አውቃለሁ። አንጀቴን የቆረጠውም እሱ ነው። ጥሩ ባል አይደለም የፈለግኩት፤ ስጠራው ዞር ብሎ የሚያየኝን ነው የፈለግኩት።

ጥቂት ቀን ሳለቅስ ከረምኩና ሰርጉ እንዲቀር መወሰኔን ለእናቴ ነገርኳት።

"በጨዋታ ሰርግ ይፈርሳል?" ብላ ጮኸችብኝ። "የሞተች ሴት ምን ታደርግሻለች?"

"ምንም አታደርገኝም" አልኳት። "እሱ ግን አሁንም እያስታመማት ነው።"

እናቴ አቀፈችኝ። አባቴ በማግስቱ ዶርዜ ወጣ። የሰርጌን ልብስ የሚሸምነው አጎቴ ነበርና በሰው ከሚሰማ ራሴ ልንገረው ብሎ ነው።

እጮኛዬ ሽማግሌ አልላከም፤ ራሱ መጥቶ ቤተሰቤን ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ የማንም ስላልነበረ የሚቆጣው ሰው ጠፋ። አማካሪያችንም መጡ፤ ደጃችን ላይ ቆመው፣ "ትዳርሽን በጨዋታ አፈረስኩት" እያሉ አለቀሱ። እርስዎ አላፈረሱም አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ቤታቸው አልሄድኩም።

ቆይቶ፣ እሱ አግብቷል ሲሉ ሰማሁ። ጨንቻ ከተማ የምትሠራ ልጅ ናት። ይህን አልጠበቅኩም። ብቻውን የሚቀር መስሎኝ፣ በዚያ ራሴን አጽናንቼ ኖሬ ነበር። ለካ ሐዘኑ የሚያበቃበት ቀን ነበረው። ትንሽ ብታገሥ እኔን ያገኘኝ ነበር ወይስ እሷን እንዲያገኝ እኔ መሄድ ነበረብኝ?

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ሚስቱን በር ላይ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። "ሰላም ነሽ እህቴ?" ብላ ሳመችኝ። ማን እንደሆንኩ ታውቅ አታውቅ እንጃ። እሱ ከኋላዋ ቆሞ የልጁን ኮፍያ ያስተካክላል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፤ ፊቱ ደህና ነበር፣ ያረፈ ሰው ፊት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤት ገብቼ የክፍሌን በር ዘጋሁና የእሑድ ልብሴን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ለምሳ ደጋግማ ጠራችኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እሱን በዚያ ደን ውስጥ እፈልገው ነበር።