በአክብሮት የተገፈተርሁ ዕለት

ቡሬ እንግሊዝኛ ሳስተምር «ሾቭ» የሚለውን ቃል ያስረዳሁት በሙሉ ልብ ነበር። «ፑሽ መግፋት ነው፤ ሾቭ ግን ያለ ይሉኝታ መገፍተር ነው» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ተማሪዎቼ ምሳሌ ሲጠይቁኝ መናኸሪያውን ጠቀስሁላቸው። እዚያ ስገባ ደሜ ይፈላል፤ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በክርኑ ነው።

ቅዳሜ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ መጣና ሰዉ በሩ ላይ ተረባረበ። እኔ ዳር ቆሜ «ተራ ይከበር!» እያልሁ እነጫነጫለሁ። ድንገት ሁለት እጆች ጀርባዬ ላይ አረፉ። ዞር ስል የአንዷ ተማሪዬ እናት ናቸው።

«ኧረ መምህር፣ እርስዎማ ቆመው አይቀሩም! ይግቡ እንጂ!» አሉና ባለ በሌለ ጉልበታቸው ገፈተሩኝ። መነጽሬ ተንጋዶ፣ አንድ ጫማዬ መሬት ቀርቶ፣ በቀረው አንድ ወንበር ላይ ዘጭ አልሁ። ጫማዬን በመስኮት አቀበሉኝ። እሳቸውም መንገደኛ መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ቋጠሯቸውን ታቅፈዋል።

«እርስዎስ?» አልኋቸው።

«ይሂዱ እርስዎ፤ እኔ የሚገፋኝ አላጣም» አሉኝ እየሳቁ።

ሰኞ ጠዋት «ያለ ይሉኝታ» የሚለውን ከተማሪዎቼ ደብተር አሰረዝሁ።