የሎርዱን ጨዋታ ፍለጋ ወደ አምባሰል

ቅዳሜ ማለዳ፣ ደሴ

ከደሴ መናኸሪያ የተነሳሁት ለአንድ ገጽ ብዬ ነው። የአንድ እንግሊዛዊ ሎርድ የሕይወት ታሪክ እየተረጎምኩ ነበር። ሰውዬው ሰፊ ርስት ካለው ቤተሰብ ተወልዶ፣ ክሪኬት የሚባለውን፣ ኳስ በእንጨት መምቻ የሚመታበትን ጨዋታ ያለ ክፍያ ለፍቅሩ ብቻ ሲጫወት ኖሮ፣ በኋላ ፓርላማ የገባ ነው። በአንድ ትልቅ ግጥሚያ ላይ ዳኛው ሳያስወጣው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መምቻውን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ከሜዳ ወጣ። ቡድኑም ተሸነፈ። ለምን እንደወጣ ደጋግሜ ባነብም አልገባኝም። ሳይገባኝ እንዴት ብዬ ልተርጉመው?

አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ፣ ዓረብ አገር ሳለ ክሪኬት ሲጫወት የኖረ ሰይድ የሚባል ሰው አምባሰል እንዳለ ነገረችኝ። ደወልኩለት፤ ሐይቅ ከተማ ድረስ መጥቶ እንደሚቀበለኝ ቃል ገባልኝ።

ረፋድ፣ ሐይቅ

መንገዱ ሲታጠፍ ውሃው ከፊታችን ተዘረጋ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም የጀመርኩትን ወሬ አስረሳኝ። ከወዲያ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ውሃው ላይ ጥላቸውን ጥለዋል፤ አንድ ታንኳ ጸጥ ብሎ ይሄዳል።

ሰይድ አርባውን የተሻገረ፣ ክንደ ረጅም ሰው ነው። “መምህር፣ አፈር ስሆን! ዓሣ ሳይቀምሱማ አይሄዱም” ብሎ አስቀመጠኝ። ዓሣው ትኩስ ነው፤ ዋጋውም ከደሴ ይረክሳል። እየበላን ስለ ሎርዱ አጫወትኩት።

“ያለ ደሞዝ?” አለ ተገርሞ።

“ሀብታም ነበራ። ደሞዝ የሚቀበሉት ድሆቹ ናቸው። ባለ ርስቶቹ ሜዳ የሚገቡት እንኳ በሌላ በር ነበር።”

ሳቀ። “እኛም ያለ ደሞዝ ነበር የተጫወትነው። ያለችን የእረፍት ቀን ጁምዓ ነች፤ እሷኑ ከፓኪስታኖች ጋር አሸዋ ላይ እናሳልፋታለን። በር ግን አልነበረንም።”

ከሰዓት፣ አምባሰል

በሚኒባስ ወደ ሰይድ መንደር ሄድን። የአምባሰል ገደል ከማሳው ጀርባ ሰማይ ተደግፎ ቆሟል፤ አንገቴ እስኪታመም ቀና ብዬ አየሁት። ሰይድ ከሳጥን ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ አወጣ፤ በፕላስተር የተጠቀለለ የቴኒስ ኳስም ነበረው። እህሉ በታጨደበት ማሳ ላይ ሦስት እንጨት ተከለና መምቻውን ሰጥቶኝ ከፊታቸው አቆመኝ። ባለቤቱ ዘይነባ ለመቅለብ ከኋላዬ ቆመች።

ሰይድ ተንደርድሮ ወረወረ። ኳሷ ሽው ብላ አለፈች፤ ዘይነባ ቀለበቻት።

“ነካችዎት?”

ጣቶቼ ላይ የሆነች ትንሽ ንዝረት ተሰምታኝ ነበር። “መሰለኝ… አዎ፣ መምቻውን ነክታዋለች።”

“እኔ አላየሁም። ዘይነባ፣ ድምፅ ሰምተሻል?”

“ወላሂ ምንም!”

“መምቻውን ነክታ መሬት ሳትወድቅ ከተቀለበች ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው፤ ሕጉ ይኸው ነው። አሁን መንካቷን የሚያውቁት እርስዎና አላህ ብቻ ናችሁ። የእርስዎ ሎርድም እንዲህ ነው የሆነው።”

አሁን ገባኝ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መሃል ቆሞ፣ ጣቱ ላይ ላለች ንዝረት ታዘዘ!

ሰይድ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አቀረቀረ። “እኔ አልወጣሁም” አለ።

“ከየት?”

“የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። የወረወረው ጁነይድ ነው፤ አንድ ክፍል አብረን የምናድር ፓኪስታናዊ ወንድሜ። ኳሷ መምቻዬን ነክታ ከኋላዬ ተቀለበች። ዳኛው ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ አሸነፍን። ጁነይድ አየት አደረገኝና ምንም ሳይል ዞረ። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ በልተናል፣ አንድ ላይ ሰግደናል፤ የዚያችን ኳስ ነገር ግን አንስተን አናውቅም።”

“ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም” አለች ዘይነባ ቀስ ብላ።

“ለማን ይነገራል?” ወደ እኔ ዞረ። “ሰውዬው ፓርላማ ሲገባስ እንደዚያው ነበር?”

“ራሱ የደገፈው ሕግ ድሆችን መጉዳቱን ሲያይ፣ በገዛ ፓርቲው ፊት ቆሞ ‘ተሳስቻለሁ’ አለ። በዚያው ወንበሩን አጣ።”

ሰይድ ስልኩን አውጥቶ ለጁነይድ በዓረብኛ የድምፅ መልእክት ቀዳለት። ሲቀዳ ዘይነባ ትከሻውን ያዘችው። “አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ነው ያልኩት” አለኝ።

እሁድ ጠዋት

እነሱ ዘንድ አድሬ ቁርስ ላይ ሳለን የጁነይድ መልስ መጣ። መጀመሪያ የተሰማው ረጅም ሳቅ ነበር። ሰይድ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ተረጎመልን፦ “‘ዳኛው ባይሰማ እኔ ሰምቼ ነበር። የዚያኑ ዕለት አፉ ብዬሃለሁ። ግን አንተው እስክትነግረኝ ድረስ ስጠብቅህ ነበር’ ይላል።”

ደሴ ስገባ ገና ቀን ነበር። ስነሳ የፈለግሁት የአንድ ጨዋታ ሕግ ነበር። ሕጉንስ ከመጽሐፍም ባገኘሁት። መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳየኝ ግን ያልወጣው ሰው ነው። ያቺን ገጽ በአንድ ቁጭታ ጨረስኳት።