ለቅሶ ቤት ያሳየሁት ቪዲዮ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና ነው፤ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስገባ እግሬ ይከብደኛል። ለእናቴ እንኳ ሙሉውን አልነገርኳትም። ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው ዛሬ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ስለ ዝገቱ ልንገራችሁ። ልጆች ሳለን ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ከሌላ ፕላኔት ስለመጡ ፍጡራን የሚያወራ ድራማ ነበር። የድራማው ክፉ ዝገቱ ይባላል። ገላው ቆርቆሮ፣ ፊቱ የተደፋ ድስት፣ ዓይኖቹ ሁለት ቀይ አምፖሎች ናቸው። ሥራው የከተማውን መብራት መጠጣት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር «ዝገቱ መጣ!» እያልን የቂርቆስን ሰፈር በጩኸት እናቀልጠው ነበር። እኔና ወንድሜ የእናታችንን ድስት ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን ስንሯሯጥ ስንት ጊዜ ተገርፈናል!

አድጌም አልተውኩትም። «የዝገቱ ልጆች» የሚል ገጽ ኢንተርኔት ላይ ከፍቼ ስንት ሺህ የኔ ቢጤ ሰብስቤያለሁ። እና አምና ድራማው እንደ አዲስ ተሠራ ሲባል በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

የመጀመሪያውን ክፍል ካዛንቺስ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ፣ በሻይ ሰዓት፣ አራት ሆነን በአንድ ስልክ አየነው። ዝገቱ ብቅ ሲል ክው አልኩ። ድስቱ የለም። አምፖሎቹም የሉም። ቆርቆሮው ገላ ላይ የሰው ፊት ተለጥፏል፤ ያውም የአሮጊት ፊት! የተሸበሸበ ግንባር፣ ጎድጎድ ያለ ጉንጭ፣ አገጩ ላይ ደግሞ ማርያም የሳመችው ምልክት።

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። የልጅነቴን ቤት ገብተው የዘረፉኝ ነው የመሰለኝ። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ከድራማው አንድ ደቂቃ ቆረጥኩና ድምፄን ጨመርኩበት። ዝገቱ ከተማዋን ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ እኔ ከኋላ፣ «እማማ፣ ጡረታ ሊቀበሉ ነው? ሰልፉ በዚያ በኩል ነው!» እላለሁ። ከዚያ እስቃለሁ። ማለቴ፣ የኔን ሳቅ የሰማ ሰው ሳይወድ ይስቃል፤ እንደዚያ ነው የተፈጠርኩት።

በሁለት ቀን ውስጥ ያላየው ሰው አልነበረም። ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ልጆች የኔን ድምፅ ከፍተው ሲንፈራፈሩ አየሁ። ኩራቴን ብታዩት! አንዱ ገጻችን ላይ «ይችን ፊት የሠራ እጁ ይቆረጥ» ብሎ ጻፈ። እኔም የልብ ምልክት አድርጌለት አለፍኩ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ጉልበቷን አሟት ስለነበር፣ «የዕድራችን ሰው ሞተው ለቅሶ አልደረስኩም፤ አንቺ ሂጂልኝ» አለችኝ። ሟቿ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ካዛንቺስ ቤታቸው ሲፈርስ ወደኛ ሰፈር የገቡ ናቸው። ከመጡ ጀምሮ ታመው ከቤት ስላልወጡ መልካቸውን አላውቀውም ነበር።

የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። የሟቿ ልጅ ሳምሶን ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የሠላሳ ዓመት ሰው ይሆናል። ከፊቱ የተቀመጠው ምግብ አልተነካም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እጄን ይዘው ወደሱ ጎተቱኝ። «አንቺ መቼም ጨዋታ አታጪም። እስቲ ይሄን ልጅ አጫውችልኝ፤ እናቱ ከሞቱ እህል አልቀመሰም» አሉኝ።

ሐዘንተኛ ማጫወት የታወቀ ነው፣ ያለ ነገር ነው። አጠገቡ ቁጭ አልኩና ስለ ሥራ፣ ስለ ዝናቡ ሞካከርኩ። አልሰማኝም። በቃ፣ ያለኝን ትልቁን ጨዋታ ላውጣ አልኩና ስልኬን ከቦርሳዬ መዘዝኩ። «እስቲ ይችን እያት፤ ዝገቱን አሮጊት አድርገውት ጉድ ሆነናል» ብዬ ከፈትኩለት።

ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ። እስኪያልቅ አየው። «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። ሦስተኛውን ራሱ ከፈተው። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎችም ተንጠራርተው አዩና መሳቅ ጀመሩ። እኔ ይባስ ብዬ ከሰው አስተያየት አስቂኝ አስቂኙን አነበብኩለት። ያንን የእጅ መቆረጥ ጭምር፤ አፌን በቆረጠው!

«ድምፁ ያንቺ ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ የኔ ነው።»

ፈገግ አለ። ከዚያ ሳህኑን ሳብ አድርጎ ሦስት አራት ጉርሻ በላ። እትዬ ዘነበች «ተባረኪ ልጄ!» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔም ደግ እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ።

ሴቶቹን «እግዜር ያጥናችሁ» ልል ወደ ቤት ገባሁ። የወይዘሮ አስካለ ፎቶ ትልቅ ሆኖ፣ ነጠላ ተደርጎበት፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። የተሸበሸበ ግንባር። ጎድጎድ ያለ ጉንጭ። አገጫቸው ላይ ማርያም የሳመችው ምልክት።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ልጃቸው ደግፋ አስቀመጠችኝ። ለእናቷ ያዘንኩ መስሏት እሷው ታጽናናኝ ጀመር። ፎቶው ላይ ማፍጠጤን አይታ፣ «ሳሚ እኮ ነው የሠራው፤ የዚያን ድራማ ሰውዬ ፊት» አለችኝ። «ሰዎቹ የሰው ፊት ይሁን ሲሉት ቅርጹን ለማውጣት ፊቱ ላይ ጀሶ የሚለጠፍበት ሰው አጣ። እማዬ 'የኔን ውሰድ፣ ከእንግዲህ ማን ሊስመኝ ነው' ብላ ተኛችለት። በቴሌቪዥን ልታይ ነው እያለች እኛን እንቅልፍ ነሳችን።»

«አዩት?» አልኳት።

«አየችው። ሰው ምን አለ ስትለን ወደውሻል አልናት።»

«አመኑ?»

«እኔ እንጃ።»

በምን እግሬ ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። የዚያኑ ዕለት ቪዲዮውን ከገጹ አጠፋሁት። ማጥፋት ይባላል እንጂ፣ አገር ሁሉ ቀድቶታል።

ሳምንት ሳይሞላ የድራማው ሰዎች በተመልካች ጥያቄ ድስቱን እንደሚመልሱና የወጡትን ክፍሎች አንስተው እንደ አዲስ እንደሚሠሩ አስታወቁ። ገጻችን ላይ ሠርግ ሆነ። «አሸነፍን!» ይላል ሁሉም። እኔ ፍራሼ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

በዚያው እሑድ ሳምሶን በራችንን አንኳኳ። ወቀሳ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን እንደ ለማኝ እጁን አጣምሮ ነው የቆመው።

«ገጹ ያንቺ ነው አሉኝ። እባክሽ ጻፊልኝ፤ አንዲት ክፍል ብቻ ይተዉልኝ። ፎቶ አለኝ። ቪዲዮ ግን እማዬ አትወድም ነበር፤ ያለችኝንም ጥቂት ከነስልኬ ሰረቁኝ። ተዋናዩ ሲናገር ጉንጩ የሚሰበሰበው ልክ እንደሷ ነው። የምትንቀሳቀሰው እዚያ ላይ ብቻ ናት።»

የማን ፊት እንደሆነ እንዳልጽፍ ግን አስማለኝ። «ስሟን ይዘው ይቀልዱባታል» አለ። እውነቱን ነው፤ እኔ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው።

ጻፍኩ። «አንድ ክፍል ቢቀር ምን አለበት?» አልኩ። ወረዱብኝ። «ስንት ተከፈለሽ?» አሉኝ። የገዛ ቀልዴን መልሰው «እማማ፣ ሰልፉ በዚያ በኩል ነው» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን የድራማው ሰዎች ቢሮ ድረስ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ክፉ አልነበረችም። ደውላ ጠየቀችልኝ። ቅጂው ለውጭ ሰው አይሰጥም ተባለች። ከጀሶው ቅርጽ የተሠራው የጎማ ፊት ከተዋናዩ ላይ ሲላጥ ተቀዶ ተጥሏል፤ ጀሶውም ተሰብሯል። «ምን እናድርግ እህቴ፣ ሕዝቡ ነው የጠየቀው» አለችኝ። ሕዝቡ ማለት እኔ ነኝ ልላት ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ ሁሉንም ክፍል አነሱት።

ለሳምሶን ሄጄ ነገርኩት። አልተቆጣም። «ያች ያንቺ ቪዲዮ ስልክሽ ላይ አለች?» አለኝ።

«አለች። ግን ድምፄን አጥፍቼ ልላክልህ። ስድቡ ይውጣ፣ ሳቁም…»

«አይ፣ እንዳለች ላኪያት። እማዬ አይታት ነበር። ከእህቴ ስልክ ላይ ራሷ አግኝታ ነው የከፈተቻት፤ ለእህቴ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ሳቀች። 'የዚች ልጅ ሳቅ ደስ ሲል' አለችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔንም መልሳ አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን አረፈች።»

እዚያው ፊቱ ቆሜ ላኩለት። ስልኩ ጮኸ። ተቀብሎ ወደ ኪሱ ከተተው።

ሳምሶን ያንን ሥራ ትቷል። አሁን ቡልጋሪያ አንድ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ይቀባል። ገጹን ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ። እዚያ እስከዛሬ ድስቱን እያዩ ይጨፍራሉ። እኔ በጋራዡ በር ሳልፍ ሳምሶን ከውስጥ እጁን ያነሳልኛል፤ «እናትሽ ተሻላቸው?» ይለኛል። ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ቀን ተነስቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ብጠይቀው «ምንም አይደል» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እሱን ከአፉ መስማት ነው ያልቻልኩት።